ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ባለ ረጅም ጅራቱ ዝንብ አዳኝ ስምና ትውልድ

ስለ አዕዋፍ ስያሜ ለጠቅላላው አንባቢ የሚጻፉት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት «የሮማይስጡ ስም የወፉን መልክና ጠባይ ይገልጻል» በሚል ዐረፍተ ነገር ነው፤ እኔም ይህን ቃል ባገኘሁ ቁጥር መጽሐፉን አጥፌ ወደ ጎን አኖረዋለሁ፤ ይህን ያመነ አንባቢ በሚቀጥለው ገጽ ስሙና ወፉ አልገጥም ሲሉት፣ ወይ ሊቃውንቱ ሰነፎች ናቸው፣ ወይ እኔ አእምሮ ጎድሎኛል ብሎ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንደሚተወው አውቃለሁና። ሊቃውንቱም ሰነፎች አይደሉም፤ አንባቢውም አእምሮ አልጎደለውም፤ ጥፋቱ የአስረጂው ነው።

ለዚህ ምዕራፍ የመረጥሁት ወፍ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በወንዶ ገነት ደን፣ በቢሾፍቱ ጓሮዎችና በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ የሚታይ፣ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ደግሞም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በደቡብ ምዕራብ ዐረብ ተራሮች የሚኖር፣ ጥላ የሚወድ ትንሽ ወፍ ነው። አካሉ እምብዛም ትልቅ አይደለም፤ ነገር ግን በመራቢያው ወራት ከተባዕቱ ጅራት መካከል ሁለት ላባዎች ከቀሩት ተለይተው ይረዝማሉ፣ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥርም በስተኋላው ይወናወናሉ። ራሱ ከነጉትዬው ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፤ በዐይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት አለው፤ ጀርባውና ጅራቱ ዳማ ቀይ ነው፤ አንዳንዱ ተባዕት ግን ጀርባውም ጅራቱም ንጹሕ ነጭ ነው፤ ስለዚህ ነገር በኋላ እናወራለን። እኔ በአማርኛ የገነት ዝንብ አዳኝ እለዋለሁ፤ ሊቃውንቱ ግን ቴርፕሲፎኔ ቪሪዲስ ይሉታል። ቪሪዲስ ማለት አረንጓዴ ነው። ወፉም አረንጓዴ አይደለም።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ኤርላንገን ከተማ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ የሥነ ፍጥረት መምህር የነበረው ፊሊፕ ሉድቪግ ስታቲየስ ሙለር፣ በሙያው የሉተራውያን የነገረ መለኮት ሰው ሲሆን፣ የታላቁን የስዊድን ሊቅ የሊኔየስን «ሥርዓተ ተፈጥሮ» ወደ ጀርመንኛ እየመለሰ ሳለ፣ ሊኔየስ ያልጠቀሳቸውን እንስሳት ሰብስቦ በ1776 (በዚህ ምዕራፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ተጨማሪ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፈ። ዱጎንግ የሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ሙለር ግን ከስም አውጪዎቹ እንደ ብዙዎቹ ሁሉ ስም ያወጣላቸውን አዕዋፍ በዱር አልተከተላቸውም፤ አንዳንዶቹን ያገኛቸው ቡፎን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ስለ አዕዋፍ ለጻፈው መጽሐፍ ማጀቢያ እንዲሆኑ በዶባንቶን ጠባቂነት ማርቲኔ ካዘጋጃቸውና በእጅ ቀለም ከተቀቡት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሥዕሎች ነው። ቡፎን የሊኔየስን ሥርዓት ይንቅ ስለ ነበር ለሥዕሎቹ የሮማይስጥ ጥንድ ስም አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ያማረ ሥዕል ስም ለሚያወጣ ሰው ሁሉ የተከፈተ ሜዳ ሆነ። ሙለርም የሴኔጋሉን ባለ ጉትዬ ወፍ ሙስኪካፓ ቪሪዲስ ብሎ ሰየመው። ዐይኑ ያረፈው በራሱ ላይ በሚያብለጨልጨው ላባ ይሁን፣ ወይም ቀቢው ቀለሙን አብዝቶበት ይሁን፣ ለጉዳያችን ምንም አይለውጥም፤ ስሙ ተሰጥቷልና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግሜሊን የተባለው ሊቅ በ1789 ይህንኑ ወፍ ሙስኪካፓ ክሪስታታ፣ ማለት ባለ ጉትዬው፣ ብሎ ጠራው። ማንም ሰው ሁለቱን ስሞች አስተያይቶ የግሜሊን ስም የተሻለ ነው ይላል፤ ጉትዬው በእርግጥ አለና። የቀድሞዎቹ መጻሕፍትም ብዙ ዘመን ክሪስታታ ሲሉት ኖረዋል። ዛሬ ግን የጸናው ቪሪዲስ ነው፤ የጸናበትም ምክንያት 1776 ከ1789 ስለሚቀድም እንጂ ስለ ሌላ አይደለም። የስያሜው ደንብ የሚጠይቀው «ማን ቀደመ?» ብሎ ነው፤ «ማን አሳመረ?» አይልም፤ የመቅደሚያውንም መቍጠሪያ ከጥር 1 ቀን 1758 ጀምሮ አድርጎታል፣ ያም የሊኔየስ ዐሥረኛ እትም እንደ ወጣ የሚታሰብበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ሰው ከማንም ሕዝብ ይልቅ ፈጥኖ ሊረዳው የሚችል ምሳሌ አለኝ፤ እርሱም የርስት ሙግት ነው። በቀድሞው ሥርዓት ርስት ይገባኛል ብሎ በዳኛ ፊት የቆመ ሰው «ይህን ምድር ያቀኑትን አባት በአፍንጫዬ እመስላለሁ» አይልም፤ ቢልም ይሣቅበታል። ትውልዱን ይቈጥራል፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ እያለ ከራሱ እስከ አቅኚው አባት ይወጣል፤ እማኝም ያቆማል። ምድሪቱ ደግሞ በአቅኚው ስም ትጠራለች፤ ያ አባት ደግ ይሁን ክፉ፣ ስሙ ያማረ ይሁን ያላማረ፣ የሚጠይቅ የለም፤ የቀደመው እርሱ ነውና። የአዕዋፍም ነገር እንዲሁ ነው። አንደኛው ነገር ስሙ ነው፣ እርሱም በቀዳሚው የሚጸና የመዝገብ ጕዳይ ነው፤ ሁለተኛው ነገር ትውልዱ ነው፣ እርሱም በማስረጃ የሚረታና በማስረጃ የሚሻር ሙግት ነው። ወፉ የተሰየመበት ናሙና የድንበሩ ምስክር ነው፤ በ1895 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስያሜ ጉባኤ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ነው፤ ይልቁንም ማንም ሰው ወፉ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን እንደ ተዛወረ ሊያውቅ ሲሻ የስም አውጪውን ስም በቅንፍ ታጥሮ ያገኘዋል፣ ይህም በመዝገቡ ዳር እንደ ተጻፈ የዳኛ ቃል ነው። ስለዚህ በትክክለኛው መጽሐፍ «ቴርፕሲፎኔ ቪሪዲስ (ስታቲየስ ሙለር፣ 1776)» ተብሎ ሲጻፍ ቅንፉ ብቻውን ይናገራል፤ ሙለር ስሙን ሲሰጥ ወገኑ፣ ማለት ከጥንዱ ስም የፊተኛው፣ ሙስኪካፓ ነበር፣ ዛሬ ግን ሌላ ነው ማለት ነው። ይህን ቅንፍ የሚያጠፉ አታሚዎች አሉ፤ «ለአንባቢው ያስቸግራል» ይላሉ። ለአንባቢው የሚያስቸግረውስ ማስረጃውን መንጠቅ ነው።

እንግዲህ እስካሁን ያልነው በአጭሩ ይህ ነው፦ ስም ምልክት ነው እንጂ ሥዕል አይደለም፤ የጸናውም በቀዳሚነቱ ነው፤ ትውልድ ግን ሌላ ነገር ነው። አሁን ወደ ትውልዱ እንሂድ።

የወገኑ ስም፣ ቴርፕሲፎኔ፣ ግሎገር የተባለው ሊቅ በ1827 ያወጣው ነው። ሌሶን የተባለው ፈረንሳዊ በ1831 ለዚሁ ወገን ቺትሪያ የሚል ስም ሰጥቶት ነበር፤ ያም ከማዳጋስካር ሰዎች አፍ የተወሰደ በመሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ በግሌ እወደው ነበር፤ ነገር ግን አራት ዓመት ዘገየ፤ ስለዚህ ወደቀ። ከሁሉም በፊት ግን፣ በ1758፣ ሊኔየስ ራሱ የዚህን ወገን አንዱን፣ የህንዱን የገነት ዝንብ አዳኝ፣ መዝግቦት ነበር፤ የመዘገበውም የት ይመስላችኋል? ከቁራዎች ጋር! ኮርቩስ ፓራዲሲ፣ ማለት የገነት ቁራ፣ ብሎት ነበር። ተከታዮቹም ይህን አይተው ሣቁ፤ ይህች ዝንብ እየቀለበች የምትበላ ልፍስፍስ ወፍ ከቁራ ጋር ምን አገናኛት ብለው ወደ ዝንብ አዳኞቹ ወገን አዛወሯት፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይም ማንም ሊጠራጠር አልወደደም።

እዚህ ላይ ስለ «ዝንብ አዳኝ» የሚለው ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም፤ መጥፎ አስረጂዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያበላሹት ይህን ነውና። ዝንብ ማደን ግብር ነው፤ ትውልድ አይደለም። በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መጠባበቅ፣ ነፍሳት ሲያልፉ ተወርውሮ በአየር ላይ መቅለብና ወደ ቅርንጫፉ መመለስ፣ ለዚህም የሚያገለግል ጠፍጣፋና ሰፊ መንቈር በሥሩም ጠንካራ ጠጕር ማብቀል፣ በዓለም ላይ በልዩ ልዩ ዘሮች ዘንድ በየበኩላቸው የተገኘ የኑሮ ዘዴ ነው። በአሜሪካ አህጉራት ከአራት መቶ በላይ ዝርያ ያለው ታላቅ አስተኔ (ማለት ተዛማጅ ወገኖች የሚሰበሰቡበት ክፍል) ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ዮሐንስ ሙለር (ከስታቲየስ ሙለር ጋር ዝምድና የለውም) በ1847 የአዕዋፍን የድምፅ ብልት ሰንጥቆ ሲመለከት፣ የአሜሪካዎቹ ዝንብ አዳኞች ያ ብልት የተሠራበት ጡንቻ ከእኛዎቹ ዘፋኞች ሥርዓት ውጭ ሆኖ ተገኘ። ይህ ብልት በሰው እንዳለው ከጕሮሮ ላይ ያለ አይደለም፤ የአየር ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት መጋጠሚያ ላይ በደረት ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኝ ስለሆነ፣ የወፉ መንቈርና እግር ለኑሮው ሲሉ ቢለዋወጡም ይህ ምስክር ግን ሳይነካ ይቆያል። በርስት ሙግትም ቢሆን በገበያ የሚታየው ሽማግሌ ሳይሆን በቤት ውስጥ ተደብቆ የኖረው የአያት ብራና ነው የሚረታው።

ነገር ግን የአፍሪካውና የእስያው ባለ ረጅም ጅራት ወፍ የድምፅ ብልቱ ከዘፋኞቹ ስለሆነ ይህ ምርመራ አላወጣውም፤ ቀርቶ ከሙስኪካፓ ጋር ኖረ። እንዲያውም ማየርና አማዶን በ1951 ባወጡት ሥርዓት ዝንብ አዳኞችን፣ ዘማሪ ወፎችን፣ ድምፅ አብዢዎቹን የቍጥቋጦ ወፎችና ሌሎችንም ሁሉ በአንድ እጅግ ሰፊ አስተኔ ውስጥ አጠራቀሟቸው፤ መልካቸው እየተቀራረበ፣ ድንበራቸው እየደበዘዘ ስላስቸገረ፣ ድንበሩን ከማካለል ይልቅ አጥሩን ማፍረስ ተሻለ። ይህን እኔ ሰላማዊ ሽንፈት እለዋለሁ።

ድንበሩን እንደ ገና ያካለለው ሌላ ዓይነት ምስክር ነው፤ ሲብሊና አልክዊስት የተባሉት የአሜሪካ ሊቃውንት ያደረጉትም ነገር እንደዚህ ነው። የዘር ንጥረ ነገር፣ ዲኤንኤ የሚባለው፣ ሁለት ክር ተያይዞ የተገመደ ነው፤ ሲሞቅ ክሮቹ ይላቀቃሉ፣ ሲቀዘቅዝ የየራሱን ተጓዳኝ እያገኘ ተመልሶ ይገመዳል። እነርሱ ከሁለት ልዩ ልዩ ወፎች የተገኙትን ክሮች አንድ ላይ ቀላቅለው አቀዘቀዙ፤ ከዚህኛው ወፍ የወጣው ክር ከዚያኛው ወፍ ከወጣው ክር ጋር ተገናኝቶ ቅይጥ ገመድ ሆነ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እንደ ገና አሞቁት። ሁለቱ ወፎች የቅርብ ዘመዶች ከሆኑ ክሮቹ በብዙ ስፍራ ስለሚገጥሙ ቅይጡ ገመድ እስከ ከፍተኛ ሙቀት ድረስ ይጸናል፤ ርቀው ከተለያዩ ግን ብዙ ስፍራው ስለማይገጥም በአነስተኛ ሙቀት ይላቀቃል። የአንዱ ወፍ ክር ከራሱ ተጓዳኝ ጋር ተገምዶ በሚላቀቅበት ሙቀትና ቅይጡ ገመድ በሚላቀቅበት ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ለክተው የዝምድናውን ርቀት ገመቱ። ለምርመራው ወፉን መግደል አያስፈልግም፤ ጥቂት ደም ይበቃል። በዚህ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ከዓለም ዙሪያ ያሰባሰቡትን የአዕዋፍ ዘር በ1990 በታላቅ መጽሐፍ አወጡት፤ ብዙ ሊቃውንትም ስለ አቈጣጠራቸውና ስለ አስተራረማቸው አጥብቀው ነቀፏቸው፣ ነቀፋቸውም በብዙ ስፍራ ተገቢ ነበር። በዋናው ነገር ግን፣ ከዚያ በኋላ የዘሩን ፊደላት አንድ በአንድ ያነበቡት ተመራማሪዎች የባለ ረጅም ጅራቱን ወፍ ስፍራ እነርሱ ካስቀመጡበት ብዙም አላራቁትም።

የት ነው? ከቁራዎች ጋር።

እኔ ይህን ባስተማርሁ ቁጥር የተማሪዎቼን ፊት ማየት ደስ ይለኛል። የገነት ዝንብ አዳኝና ዘመዶቹ፣ ማለት ከአፍሪካ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች የተበተነው የሞናርኪዴ አስተኔ፣ ከቁራው፣ ከገነት ወፍ፣ ከሥጋ ሰቃዩ ወፍ ከላኒየስ፣ ሹካ ጅራት ካለው ጥቁሩ ድሮንጎ ጋር አንድ ታላቅ ትውልድ ነው። ስለዚህ በስሜን አፋፍ ላይ የሚጮኸው ባለ ወፍራም መንቈሩ የኢትዮጵያ ቁራ፣ ሩፔል በ1836 ስም ያወጣለት፣ ለገነት ዝንብ አዳኝ የሥጋ ዘመዱ ሲሆን፣ በዚያው ዛፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ያንኑ ዝንብ የሚያድነው ዳለቻው ሙስኪካፓ ግን በትውልድ ከሩቅ የመጣ ባዕድ ነው። ጎረቤት መሆን፣ አብሮ መብላት፣ አንድ ዓይነት ሞፈር መያዝ ርስት አያሰጥም! ሊኔየስ ይህን አስቦ አልጻፈም፤ ትውልድ የሚባለው ነገር በእርሱ ዘመን የአመዳደብ መሠረት አልነበረም፤ ነገር ግን ሳያስበው ረታ፤ በሙግትም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፣ ሰነድ የሌለው ተሟጋች በአጋጣሚ እውነቱን ይናገራል።

አንድ ጊዜ ድንበሩ እንደ ገና ከተካለለ በኋላ ስፍራቸውን የለቀቁት ብዙ ናቸው። በዩጋንዳ ደኖች የሚታየው ሰማያዊው ኤልሚኒያ፣ ከገነት ዝንብ አዳኝ ጋር አንድ አስተኔ ነው ሲባል ኖሮ፣ ስቴኖስቲሪዴ ወደሚባል ትንሽ አስተኔ ሄደ፤ ባቲስ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ደግሞ የራሳቸው አስተኔ ተሰጣቸው፤ በሌላ በኩል ቀድሞ ከዘማሪዎች ጋር የሚቈጠሩ የድንጋይ ወፎችና የቍጥቋጦ ዘፋኞች ዝንብ ሳያድኑ የሙስኪካፓ አስተኔ ወደ ሆነው ወደ ሙስኪካፒዴ ገቡ። ስለዚህ ዛሬ «ዝንብ አዳኝ» የሚባለው ስም በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ የሚያገለግለው ለመንገደኛ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ነጩና ስለ ቀዩ ተባዕት የተናገርሁትን ልፈጽም። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ የተደረቁ ወፎች የተቀመጡበትን መሳቢያ እንዳስተካክል በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ሁለት የገነት ዝንብ አዳኞች በሁለት ልዩ ልዩ ወረቀት ላይ የተለያየ የዝርያ ስም ተጽፎላቸው አገኘሁ፤ አንዱ ቀይ፣ ሁለተኛው ነጭ ነበር። መምህሩን «እነዚህ እኮ አንድ ዝርያ ናቸው» ብለው «ጌታዬ፣ ልጆቹ በዐይናቸው እያዩ እንዴት አንድ ናቸው ልበላቸው?» አለኝ። ለክርክር አልመች ስላለኝ በሚቀጥለው እሑድ ከአራት ተማሪዎቹ ጋር ወደ ሐይቅ ዳር ይዤው ሄድሁ፤ በአንድ የወይራ ቅርንጫፍ መንታ ላይ፣ በሣር ክርና በሸረሪት ድር ተሠርታ በውጭዋ የዛፍ ሽበት የተለጠፈባት፣ ከቡና ስኒ የማትበልጥ ጎጆ ነበረች። በጎጆዋ ውስጥ ነጩ ተባዕት ተቀምጦ ጅራቱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አጭር ጅራት ያላት ቀይ እንስት መጣችና እርሱ ተነሥቶ ሄደ፣ እርስዋም ተቀመጠች። ሁለቱም እየተፈራረቁ ያቅፋሉ። ልጆቹ መምህራቸውን ዞረው ተመለከቱ፤ እኔም ምንም አልጨመርሁም።

ነጭና ቀይ ተባዕት የአንድ ዝርያ ሁለት መልክ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካና በእኛ አገር ነጩ ብዙ ነው፣ በደቡብ አፍሪካ ግን ብርቅ ነው። በመልክ ብቻ ዝርያ መለየት የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚከብደው ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማለት በእርግጥ ሁለት ዝርያ የሆኑት እርስ በርሳቸው ሲጋቡ። ይህ ነገር የእኔ የልብ ክርክር ስለሆነ አንባቢዬ ጥቂት ይታገሠኝ።

በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ውስጥ ሆዱ ቀይ የሆነ ሌላ የገነት ዝንብ አዳኝ፣ ቴርፕሲፎኔ ሩፊቬንተር፣ አለ። ከ1909 እስከ 1915 በኮንጎ ዱር የኖረው፣ ኋላም የኮንጎን ጣዎስ ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊ ጄምስ ቼፒን፣ በ1948 ባወጣው ጽሑፍ እነዚህ ሁለቱ በብዙ ስፍራ እየተዳቀሉ፣ መልኩ ከሁለቱም የተውጣጣ ወፍ እንደሚገኝ በየናሙናው እየዘረዘረ አሳየ። ደኑ በእርሻና በመንደር ሲከፈት ከደኑ ውጭ ያለው ቪሪዲስ ወደ ደኑ ወፍ ደጃፍ ይደርሳልና። በ1942 ማየር እንደ ደነገገው ደግሞ ዝርያ ማለት እርስ በርሱ የሚዋለድና ከሌሎቹ ጋር የማይዋለድ ሕዝብ ነው። እንግዲህ ምን እንበል? «ተዋለዱና አንድ ናቸው» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ድንበር ላይ ቆመው መካከሉን ያልተመለከቱ ናቸው እላለሁ። ሁለቱ ወፎች ለብዙ ሺህ ዘመናት ጎን ለጎን ኖረው፣ በየአገራቸው መካከል ሲታዩ ግን ቪሪዲስ ቪሪዲስ ነው፣ ሩፊቬንተርም ሩፊቬንተር ነው፤ ድንበር ላይ ያለው ቅይጥ ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለቱን አላዋሐዳቸውም። በቀድሞው የርስት ሥርዓታችን ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ከሁለት ታላላቅ ቤቶች የተወለደ ሰው በሁለቱም ችሎት ይቆም ነበር፤ ስለዚህ ግን ሁለቱ ቤቶች አንድ ቤት ሆኑ አይባልም ነበር። (አንድ የሥነ ሕይወት ወዳጄ ይህን ሲሰማ «ወፎች እኮ አይሟገቱም» አለኝ፤ ምሳሌው እየተንገዳገደም ቢሆን ግን እስከዚህ አድርሶኛልና አልለቀውም።) የዝርያ ድንበር የተሠራው ከግንብ ሳይሆን ከወንዝ ነው፤ ወንዝም አንዳንድ ጊዜ ይሻገሩታል። ይህን የማይቀበል የድንበር ሕግ አውጪ ወፎቹ ሲሥቁበት ይኖራል።

የስም ለውጥን ነገር አንሥቼ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ደንብ ሳልናገር አላልፍም። በ1840 ሩፔል፣ የፍራንክፈርቱ ሰው፣ በአገራችን ደጋ የሚኖረውንና በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ሊባል በሚችል ሁኔታ የተወሰነውን ቡናማውን ዝንብ አዳኝ ሙስኪካፓ ቾኮላቲና ብሎ ሰየመው፤ ኋላም ወደ ሜላኤኖርኒስ ወገን ሲዛወር ቾኮላቲኑስ ተባለ። ለምን ተለወጠ? የዝርያው ስም ቅጽል ከሆነ፣ የወገኑ ስም ተባዕት ሲሆን ተባዕት፣ አንስታይ ሲሆን አንስታይ ይሆናል፤ በግዕዝ ቅኔ ለሚማር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቪሪዲስ ግን በሮማይስጥ ለተባዕቱም ለአንስታዩም አንድ ነው፤ ስለዚህ ከሙስኪካፓ ወደ ቴርፕሲፎኔ ሲሄድ ፊደሉ አልተነካም።

የቀረው የንዑስ ዝርያዎቹ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የሚገኘው ንዑስ ዝርያ ፌሬቲ ይባላል፤ ስሙን በ1843 ያወጣው የነፍሳት ሊቅና የ«ሥነ እንስሳት መጽሔት» መሥራች ጌራን ሜንቪል ነው። በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን፣ ትግራይንና ስሜንን የዞሩት ሁለት የፈረንሳይ ጦር መኮንኖች፣ ፌሬና ጋሊኒዬ፣ ምድሩን እየለኩና ካርታውን እየነደፉ ሳለ አዕዋፍንም ሰብስበው ወደ ፓሪስ ላኩ፤ ጌራን ሜንቪልም ለሁለቱ ውለታ ሁለት ወፎችን ከፋፍሎ ሰጣቸው። የፌሬ ድርሻ ባለ ረጅም ጅራቱ ወፍ ሆነ። በቀይ ባሕር ማዶ ያለውን ደግሞ ማይነርትስሃገን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1923 ሃርተርቲ ብሎ ሰየመው። ይህ ሰው ከሞተ በኋላ የአዕዋፍ ስብስቡ ሲመረመር፣ ከሙዚየም የተሰረቁ ናሙናዎችን የራሱ አስመስሎ ሐሰተኛ ስፍራና ቀን እንደ ጻፈባቸው ተደርሶበታል፤ ስለዚህ እርሱ ያስቀመጠው ወረቀት ሁሉ ዛሬ በጥርጣሬ ይታያል። ሃርተርቲ ግን በስሙ ላይ ጸንቶ አለ፤ የዐረብ ተራሮቹ ወፎች ዛሬም በሕይወት ያሉና ማንም ሊሄድ፣ ሊለካና ሊመረምር የሚችላቸው ስለሆኑ፣ ስም አውጪው ሌባ መሆኑ በወፎቹ መኖር ላይ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም።

የጋሊኒዬ ድርሻ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እርሱ የተሰጠው በደጋ ቍጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ባልና ሚስት እየተቀባበሉ የሚዘፍነው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በማንም አገር የማይገኘው አመድማ ወፍ ነው። ይህን ወፍ ያልተቀበለው አስተኔ የለም ማለት ይቻላል፤ ከዝንብ አዳኞች ጋር ተቈጥሯል፣ ድምፅ ከሚያበዙት የቍጥቋጦ ወፎች ጋር ተቈጥሯል፣ ብቻውን የሚኖርበት ፓሮፋስማ የሚባል ወገንም ተሠርቶለት ነበር። የዘር ምርመራው ሲመጣ ግን ወደ ሲልቪያ ቤተ ሰብ ወሰደው፤ አሁን በዋናዎቹ የዓለም አዕዋፍ መዝገቦች አንዳንዶቹ የብቻ ወገኑን ሽረው ሲልቪያ ጋሊኒዬሪ ብለው ይጽፉታል፤ ከጐኑም ጌራን ሜንቪልና 1843 በቅንፍ ውስጥ አሉ።